«ክፈት» እና «ዝጋ»፦ የመኪና ማሞቂያ ማራገቢያ ጥገና መመሪያን ወደ አማርኛ ሲመልሱ የሚያሳስቱ ቃላት

1. መነሻ

በሙያ ቃላት ስየማ ላይ የተሰማራ ሰው ዘወትር የሚቀርብለት ጥያቄ «ይህን በአማርኛ ምን እንለዋለን?» የሚል ነው። ጥያቄው ቃል ጐድሎናል ከሚል እምነት ይነሣል። እምነቱ በብዙ የዕውቀት መስክ እውነትነት አለው። ሆኖም አንድን የጥገና መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ተርጓሚ የሚገጥመው ዋነኛ ችግር ከዚህ የተለየ ነው። የጐደለ ቃል ብዙውን ጊዜ ራሱን ያስታውቃል፤ ተርጓሚው ይቆማል፣ መዝገበ ቃላት ያገላብጣል፣ ባለሙያ ይጠይቃል። የሚያሳስተው ያለው ቃል ነው። ይኸውም በአማርኛ በሚገባ የታወቀ፣ ተርጓሚውም ሳይጠራጠር የሚያልፈው፣ በአንባቢው ዘንድ ግን ከታሰበው የተለየ፣ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ ተቃራኒ የሆነ ፍች የሚሰጥ ቃል ነው።

ይህን ለማስረዳት የመረጥነው ምሳሌ የተበላሸ የመኪና ማሞቂያ ማራገቢያን በቤት መጠገን ነው። ምሳሌውን የመረጥንበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ የዕቃው ክፍሎች ጥቂት ስለ ሆኑ ሁሉንም በአንድ ጽሑፍ ለማየት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ጥገናው ተራ መሣሪያ ያለው ሰው መመሪያ እያነበበ ሊፈጽመው የሚችል ነው። ሦስተኛ፣ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። በደጋው አገራችን በክረምት ዝናብ የመኪናው የፊት መስታወት ከውስጥ ጉም ሲለብስ ጉሙን የሚገፍፈው ይኸው ማራገቢያ ነው። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ በበረዶ ወራት ያለ እርሱ መንዳት ከምቾት ማጣት አልፎ እይታን የሚጋርድ አደጋ ነው።

2. ዕቃውና አሠራሩ

ስለ ቃላቱ ከመናገራችን በፊት ቃላቱ የሚያመለክቱትን ነገር በአጭሩ እንግለጽ። ሞተሩ በውኃ በሚቀዘቅዝ መኪና ውስጥ ሙቀቱ የሚመጣው ከሞተሩ ነው። ሞተሩን ሲዞር የሞቀው ውኃ በቀጭን ቱቦ ወደ ጋቢናው ይመጣና በአንዲት ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል። ማራገቢያው አየሩን በዚች ራዲያተር ላይ ገፍቶ ሞቆ እንዲወጣ ያደርጋል። ስለዚህ ማራገቢያው አያሞቅም፤ የሚያደርገው ሙቀቱን ማድረስ ብቻ ነው።

ማራገቢያው ራሱ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርና በዘንጉ ላይ የተሰካ ባለ ክንፍ መዘውር ነው። ኮረንቲው ከባትሪ ተነሥቶ በፊውዝ፣ በሪሌ፣ በፍጥነት መምረጫውና በሬዚስተር በኩል ይደርሰዋል። ሬዚስተሩ የኮረንቲውን መጠን የሚገታ የሽቦ ጥቅልል ነው። በዝቅተኛው ፍጥነት ኮረንቲው በብዙ ጥቅልል፣ በመካከለኛው በጥቂት ጥቅልል ያልፋል፤ በከፍተኛው ፍጥነት ግን ሬዚስተሩን ጨርሶ ትቶ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ ማራገቢያው በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሬዚስተሩ ነው። ሬዚስተሩ ሲሠራ ስለሚግል ማራገቢያው በሚነፍሰው አየር እንዲቀዘቅዝ በአየሩ መተላለፊያ ውስጥ ይቀመጣል። የውስጥ አየር ማጣሪያው በአቧራ ሲታፈን ወይም ሞተሩ እየከበደው ሲዞር ሬዚስተሩ ቶሎ የሚበጠሰው ስለዚህ ነው። በአዳዲስ መኪኖች፣ በተለይም ሙቀቱን ራሳቸው በሚቆጣጠሩት ላይ፣ የሬዚስተሩን ቦታ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ስለ ወሰደ የብልሽቱ ምልክት ይለያል።

3. አሳሳቾቹ ቃላት

3.1 «ማሞቂያ»

«ማሞቂያው አይሠራም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ብልሽቶችን ይሸፍናል። አንደኛው ነፋስ አለመኖሩ ነው፤ ይህ የማራገቢያው ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ነፋሱ እያለ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው፤ ይህ ደግሞ የውኃ ማነስ፣ የትንሿ ራዲያተር መደፈን ወይም የቴርሞስታት ብልሽት ሊሆን ይችላል እንጂ ማራገቢያውን አይመለከትም። የ«ማ- … -ያ» ቅርጽ መሣሪያን ስለሚያመለክት አንባቢው «ማሞቂያ» ሲባል አንድ ዕቃ ይታየዋል፤ እንደ ቤቱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነቅሎ የሚያወጣው ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ «ማሞቂያ» ለጠቅላላው ሥርዐት ብቻ ተጠብቆ፣ ክፍሎቹ «የማሞቂያ ራዲያተር» እና «የማሞቂያ ማራገቢያ» እየተባሉ በሙሉ ስማቸው ቢጠሩ ይሻላል።

3.2 «ሞተር»

እንግሊዝኛ መኪናውን የሚነዳውን «ኤንጂን»፣ ማራገቢያውን የሚያዞረውን «ሞተር» ብሎ ይለያል። አማርኛ ሁለቱንም «ሞተር» ይላል፤ ያለ ቅጽል ሲነገርም ወደ አእምሮ የሚመጣው ትልቁ ነው። «ሞተሩን ፈትተህ አውጣ» የሚል ትርጉም በቤቱ ደጃፍ ለቆመ ሰው የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ምን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ከጣሊያንኛ የተገኘውን «ሞተሪኖ»ን በ«ትንሽ ሞተር» ፍቹ ለዚህ እናውለው የሚል ሐሳብ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን ቃሉ በጋራዥ አማርኛ መኪናውን ለሚያስነሣው ሞተር ተወስኖ ስለ ኖረ መንገዱ ተዘግቷል። የሚቀረው መፍትሔ «የማራገቢያው ሞተር» እያሉ በሙሉ መጻፍ ነው። በጥገና መመሪያ ውስጥ መደጋገም ነውር አይደለም።

3.3 «ቁልፍ»

«ቁልፍ» በር የሚከፈትበት፣ መኪና የሚነሣበት፣ ብሎን የሚፈታበት፣ በጣት የሚጫን፣ በልብስ ላይም የሚቈለፍ ነው። «ቁልፉን ወደ 4 አዙር» የሚለው ትእዛዝ የማስነሻውን ቁልፍ፣ የፍጥነቱን መምረጫ ወይም በእጅ የተያዘውን መሣሪያ ሊያመለክት ይችላል። ይህን አሻሚነት ለማስወገድ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ ሦስቱም በቋንቋው ውስጥ ስም አላቸው። «ማስነሻ ቁልፍ»፣ «መምረጫ» እና «መፍቻ» ይበቃሉ።

3.4 «ክፈት» እና «ዝጋ»

ከሁሉ የከፋው አሳሳች ጥንድ ይህ ነው። በአማርኛ «ራዲዮኑን ክፈት» ማለት እንዲሠራ አድርግ፣ «ዝጋ» ማለት እንዲያቆም አድርግ ማለት ነው። ምስሉ ከውኃ ቧንቧ ጋር ይስማማል፤ ሲከፈት ይፈሳል፣ ሲዘጋ ይቆማል። በእንግሊዝኛው የኤሌክትሪክ ሙያ ቋንቋ ግን ምስሉ የቀለበት ነው። ቀለበቱ ሲዘጋ ኮረንቲው ዞሮ ይገባል፤ ቀለበቱ ሲከፈት መንገዱ ተቈርጦ ኮረንቲው ይቆማል። ስለዚህ በአንዱ ቋንቋ «ክፍት» የተባለው በሌላው «ዝግ» ነው።

አንድ መመሪያ የሬዚስተሩ መስመር ክፍት ሆኖ ከተገኘ ሬዚስተሩ ይለወጥ ብሎ ቢያዝ፣ የአማርኛው አንባቢ «ክፍት ከሆነማ ኮረንቲው ያልፋል፤ ደኅና ነው» ብሎ የተበላሸውን ዕቃ ወደ ቦታው ሊመልሰው ይችላል። በዚህ ስፍራ ቃል በቃል መተርጐም ትርጉሙን ከማደብዘዝ አልፎ ይገለብጠዋል። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ግሥ አጥቶ አይደለም፤ ስለ መብራት መጥፋት ሁልጊዜ የምንናገርበት «ተቋረጠ» አለ፤ ተቃራኒውም «ተገናኘ» ነው። «ክፈት» እና «ዝጋ» በእጅ ለሚከፈትና ለሚዘጋ ነገር ማለትም ለክዳን፣ ለበር፣ ለአየር መተላለፊያ፣ እንዲሁም ክፍት ሆኖ ለቀረ ቴርሞስታት ይቈዩ።

3.5 «መሬት» እና «ኮንታክት»

የኮረንቲው መመለሻ መስመር በእንግሊዝ «ኧርዝ»፣ በአሜሪካ «ግራውንድ» ይባላል፤ የሁለቱም ተራ ፍች መሬት ነው። በመኪና ውስጥ ግን ሽቦው የሚያያዘው ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ከተገናኘው የመኪናው ብረት ነው። መኪናው በጎማ ላይ ስለ ቆመ ከአፈሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። «ሽቦውን ከመሬት ጋር አገናኝ» የተባለ አንባቢ ሽቦውን ወደ አፈር ቢወስደው ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። ጣሊያኖች ይህንኑ «ማሳ» ይሉታል፤ ይህም ከአማርኛው «ማሳ» ጋር በድምፅ ስለሚገጥም እርሻ ውስጥ ያስገባናል። ከሁሉም «የአካል መስመር» ብንል የሚያያዝበትን ቦታ ስሙ ራሱ ይናገራል።

«ኮንታክት» ደግሞ በሌላ መንገድ ያሳስታል። በባዕዱ ቋንቋ ኮረንቲ የሚተላለፍበት ጤነኛ መገናኛ ነው። በአማርኛ ግን «ኮንታክት ፈጠረ» ሲባል መነካካት የሌለባቸው ሽቦዎች ተነካክተው እሳት ሊያስነሡ ነው ማለት ነው። «ኮንታክቱን መርምር» የተባለ ሰው መገናኛውን ከማጽዳት ይልቅ የተላጠ ሽቦ ሲፈልግ ይውላል። ቃሉ በሕዝቡ ዘንድ በያዘው ፍች ይጸና ዘንድ ትተን ሌላውን «መገናኛ» ማለት ይገባናል።

3.6 «ተቃጠለ»

ፊውዝም፣ ሬዚስተርም፣ ሞተርም ሲበላሹ አማርኛ በአንድነት «ተቃጠለ» ይላል። ለንግግር ይበቃል፤ ለጥገና ግን አይበቃም። ፊውዝ ሲቀልጥ ተግባሩን ፈጸመ ማለት ነው፤ ሽቦው እንዳይነድ ራሱን ሰጥቷል። ሬዚስተር ሲበጠስ መንሥኤው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱን ያመጣውን ነገር መፈለግ ያሻል። ሞተሩ የማይዞረው ብዙውን ጊዜ ካርቦኖቹ ስላለቁ ነው፤ ቀፎውን በቀስታ ሲመቱት ለጊዜው ተነሥቶ መልሶ የሚቆመውም ስለዚህ ነው። «ማራገቢያው ተቃጥሏል» የተባለ ባለ መኪና ርካሹን ሬዚስተር መለወጥ ሲገባው ውዱን ሞተር ገዝቶ ይመጣል፤ ከገጠመውም በኋላ ዝቅተኛ ፍጥነቶቹ አሁንም አይሠሩም። ስለዚህ ፊውዝ «ቀለጠ»፣ የሬዚስተር ሽቦ «ተበጠሰ»፣ ካርቦን «አለቀ»፣ ኩሽኔታ «ተበላ» እየተባለ ይጻፍ፤ «ተቃጠለ» የሚለው የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ በእርግጥ ነድዶ ለሸተተበት ጊዜ ይቀመጥ።

4. አዲስ ስያሜ ወይስ ነባሩ?

እስካሁን የተመለከትናቸው ነባር ቃላት ናቸው። አዲስ ስያሜ ሊያስፈልግ የሚመስለው በሁለት ስፍራ ነው፤ እነርሱም ማራገቢያውና ሬዚስተሩ ናቸው።

ለማራገቢያው ሦስት እጩዎች አሉ። የመጀመሪያው «ወናፍ» ነው። አንጥረኛው በወናፍ አየርን በጠባብ አፍ ወደ ፍሙ እንደሚገፋ ሁሉ ይህም ዕቃ አየሩን በመተላለፊያ ውስጥ ይገፋል። ንጽጽሩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ወናፍ አየር እየሳበ እየገፋ በትንፋሽ የሚሠራ የቆዳ ከረጢት ሲሆን ይህኛው ሳያቋርጥ ይዞራል። ሁለተኛው «ማናፈሻ» ነው። «አናፈሰ» የታፈነውን ለነፋስ ማጋለጥ ስለ ሆነ ለክፍል ንጹሕ አየር መስጠትን እንጂ የሞቀ አየር መግፋትን አያሳይም። ሦስተኛው «ማራገቢያ» ነው። እሳት ከሚራገብበት ሰሌን አንሥቶ እስከ ጣራው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ድረስ በሕዝቡ አፍ ስለ ሰፋ፣ የሚዞረውንም ዐይነት ስለሚያቅፍ ይህ እንዲጸና እንመክራለን።

ስያሜው በቅርጽ ሳይሆን በተግባር መቆሙ ሌላም ጥቅም አለው። በአሮጌዋ ቮልስዋገን ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሞቀ ውኃም ትንሽ ራዲያተርም የለም፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ የሚገፋው አየር በጭስ ማውጫው ሙቀት ሞቆ ወደ ውስጥ ይመጣል። ስለዚህ በዚች መኪና «የማሞቂያ ማራገቢያውን ፍታ» የሚል መመሪያ ወደ ሞተሩ ማቀዝቀዣ ይመራል። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ማራገቢያው ቢኖርም ሙቀቱ የሚመጣው ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወይም ከሙቀት ፓምፕ ነው። «ማራገቢያ» በሦስቱም ላይ ይሠራል፤ «የማሞቂያ ራዲያተር» ግን የውኃ ሙቀት ለሚጠቀሙት ብቻ ነው።

ለሬዚስተር «ተቃዋሚ» ማለት በግሡ ረገድ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቃሉ የፖለቲካ ማኅበርን ያስታውሳል። «የፍጥነት መቀነሻ» ቢባል ሾፌሩ በአስፋልት ላይ የተሠራውን ጉብታ ያስባል። «መግቻ» ደግሞ ኮረንቲውን ጨርሶ ማቆሚያ ይመስላል። ሦስቱም ከማብራራት ይልቅ ስለሚያደናግሩ «ሬዚስተር» እንደ ተዋሰነው ይቈይ፤ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ስፍራ «ኮረንቲን የሚገታ» የሚል ፍች ይታከልበት። ከጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወዲህ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶና ኩሽኔታ በዚህ መንገድ ገብተው ዛሬ ባዕድነታቸውን የሚያስታውስ ሠራተኛ የለም። ተውሶ ቃል አንድ ታላቅ ጸጋ አለው፤ ሌላ ፍች ስለሌለው አያሳስትም።

5. የመመሪያ ናሙና

ከላይ የተባሉትን በተግባር ለመፈተን አንድ አጭር መመሪያ አቅርበናል። በትእዛዙ ላይ «ፍታ፣ ፍቺ፣ ይፍቱ» ከማለት ይልቅ «ይፈታ» የሚለውን ቅርጽ መርጠናል፤ ጾታንና አክብሮትን ሳይነካ ለሁሉም ይሆናልና።

(ሀ) መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። ማስነሻ ቁልፉ ኮረንቲ እስኪመጣ ይዙር፤ የመኪናው ሞተር ግን አይነሣ። የማራገቢያው መምረጫ በየፍጥነቱ ይሞከር።

(ለ) ማራገቢያው በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ ከሠራ ሬዚስተሩ ስለሚጠረጠር ወደ (ሠ) ይታለፍ።

(ሐ) በአንዱም ፍጥነት ካልሠራ ማስነሻ ቁልፉ ይውጣና የማራገቢያው ፊውዝ ይታይ። ከቀለጠ በተጻፈበት የአምፔር መጠን ብቻ ይተካ። በተለመዱት ጠፍጣፋ ፊውዞች 20 ቢጫ፣ 25 ቀለም የለሽ፣ 30 አረንጓዴ ነው። ዳግመኛ ከቀለጠ መንሥኤው ይፈለግ እንጂ ከፍ ያለ ፊውዝ ወይም ሽቦ በምንም ምክንያት አይግባ፤ ፊውዙ ያልቀለጠለት ኮረንቲ ሽቦውን ያነድዳልና።

(መ) ፊውዙ ደኅና ከሆነ የማራገቢያው ሞተር ሶኬት ይነቀል፤ ኮረንቲው ተመልሶ መምረጫው በመጨረሻው ፍጥነት ላይ ሳለ የመፈተሻ መብራት በሶኬቱ ሁለት መገናኛዎች መካከል ይያዝ። መብራቱ ከበራ ብልሽቱ በማራገቢያው ሞተር ውስጥ ነው። ካልበራ መስመሩ ተቋርጧል፤ ሪሌው፣ መምረጫውና የአካል መስመሩ በየተራ ይፈተሹ። ብዙ ጊዜ በቢጫ የሚለዩት የኤር ባግ ሽቦዎች አይነኩ።

(ሠ) ማንኛውም ነገር ከመፈታቱ በፊት ማስነሻ ቁልፉ ይውጣ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፤ የመኪናው ሠሪ ለኤር ባግ ደኅንነት ያዘዘው ደቂቃ ይጠበቅ።

(ረ) በብዙ መኪኖች ሬዚስተሩና ማራገቢያው የሚገኙት ከጋቢናው ተሳፋሪ ጉልበት ፊት ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ኋላ ነው። ማስቀመጫው ይፈታ፤ ሬዚስተሩ ይውጣ። ሽቦው ከተበጠሰ ይለወጥ። የሶኬቱ ፕላስቲክ ከቀለጠም አብሮ ይለወጥ፤ አለዚያ አዲሱም ብዙ አይቆይም።

(ሰ) መዘውሩ በእጅ ይዙር። ከከበደ ወይም ከጮኸ የማራገቢያው ሞተር ወጥቶ የገባበት ቅጠልና አቧራ ይጠረግ፤ ኩሽኔታው ከተበላ ወይም ካርቦኑ ካለቀ ክፍሉ ይለወጥ። የውስጥ አየር ማጣሪያውም ይታይ።

(ሸ) ሁሉም በተፈታበት አንጻር ይመለስ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ በመጨረሻ ይታሰር።

በዚህ ናሙና ውስጥ ለዚህ ጽሑፍ ሲባል የተፈጠረ አንድም አዲስ ቃል የለም። አብዛኛው ሥራ ከነባሮቹ መካከል መምረጥና እያንዳንዱን በአንድ ፍች ማጽናት ነበር።

6. ማጠቃለያ

የአማርኛ መዛግብተ ቃላት፣ ከከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.) እና ከደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) አንሥቶ በ1993 ዓ.ም. እስከ ታተመው አማርኛ መዝገበ ቃላት ድረስ፣ የቋንቋውን ሀብት ሰብስበውልናል። የቴክኒክ ተርጓሚ ግን ከዚህ በተጨማሪ የሚሻው ነገር አለ፤ ይኸውም አንባቢው መሣሪያ ይዞ ቆሞ ሳለ ከአንድ ቃል ልዩ ልዩ ፍቾች መካከል አስቀድሞ የሚይዘው የትኛውን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ስለዚህ በሙያ ቃላት ዝርዝሮች ውስጥ ከስያሜው ቀጥሎ «አሳሳች» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲገባ ሐሳብ እናቀርባለን። ለናሙና ያህል፦

ማሞቂያ፦ ጠቅላላው ሥርዐት። አሳሳች፦ እንደ አንድ ዕቃ።
የማራገቢያ ሞተር፦ ሁልጊዜ በሙሉ ይጻፍ። አሳሳች፦ «ሞተር» ብቻውን።
የተቋረጠ መስመር፦ ኮረንቲ የማያልፍበት። አሳሳች፦ «ክፍት»።
የተገናኘ መስመር፦ ኮረንቲ የሚያልፍበት። አሳሳች፦ «ዝግ»።
የአካል መስመር፦ ከመኪናው ብረት ጋር የተያያዘ መመለሻ። አሳሳች፦ «መሬት»።
መገናኛ፦ ኮረንቲ የሚተላለፍበት ጫፍ። አሳሳች፦ «ኮንታክት»።
ቀለጠ፣ ተበጠሰ፣ አለቀ፣ ተበላ፦ እንደየክፍሉ። አሳሳች፦ «ተቃጠለ»።

የትርጉሙ ፈተናም ቀላል ነው። ረቂቁ ከመታተሙ በፊት እንግሊዝኛውን ላላየ ሰው ይሰጥ፤ ሰውየው መኪናው አጠገብ ቆሞ እያነበበ ይሥራ፤ ተርጓሚው አጠገቡ ሆኖ አንዳች ሳይናገር እጁን ይመልከት። እጁ ወደ ተሳሳተ ዕቃ በሄደበት ስፍራ የሚታረመው ቃሉ ነው።